ዋልነት ዘመዱ ማን ነው? ከአለርጂ ዝርዝሩ ጀርባ ያለው የዛፎች ዘር ቆጠራ

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ በአጭሩ ኤፍዲኤ፣ ጃንዋሪ 2025 ላይ አንድ የቆየ ዝርዝር አሳጠረ። ዝርዝሩ የ«ትሪ ነትስ»፣ ማለትም ከዛፍ የሚለቀሙ ቅርፊተ ጠንካራ ፍሬዎች፣ ነው። ስሙ እዚያ ላይ ያለ ፍሬ ምግብ ውስጥ ከገባ፣ አምራቹ አለርጂ እንደሚያስነሳ ማሸጊያው ላይ ለይቶ መጻፍ ይጠበቅበታል። ቀድሞ 23 ስሞች ነበሩ። አሁን የቀሩት 12 ናቸው።

ኮኮናት ወጣ። ቼስትነት ወጣ። ሂከሪና በተርነትም ወጡ። አልሞንድ፣ ካሹ፣ ፒስታሺዮ፣ ሄዝልነት፣ ማካዳሚያ፣ ብራዚል ነት፣ ፓይን ነት፣ ፒካንና አራት ዓይነት ዋልነት ቀሩ።

ብዙ የተወራው ስለ ኮኮናት ነው። የዕፅዋትን ዝምድና ለሚያውቅ ሰው ግን ጥያቄ የሚያጭረው ሌላው ነው። ፒካንና ሂከሪ የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ አንዱ ዝርዝሩ ላይ ቀርቶ ሌላው ወጥቷል። በተርነት ደግሞ ራሱ የዋልነት ዓይነት ነው። ስሙን ከሚጋራው የዱባ ዝርያ ጋር ምንም አያገናኘውም። አራቱ ወንድሞቹ ሲቀሩ እሱ ብቻ ተነጥሎ ወጣ።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚኖር፣ ልጁ አለርጂ ያለበት ወላጅ ሱቅ ውስጥ ማሸጊያ እያገላበጠ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ነገሩ የሚጠራው ሁለት የተለያዩ አከፋፈሎችን ለያይቶ በማየት ነው። አንደኛው የሕግና የወጥ ቤት አከፋፈል ነው። ሁለተኛው የዕፅዋት ሳይንስ አከፋፈል ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ አንድ እንዲሆኑም የሚያስገድድ ነገር የለም። ግን አንዱ ከሌላው መማር ያለበት ቦታ አለ ብዬ አምናለሁ። ዋልነትና ዘመዶቹ ይህን በደንብ ያሳያሉ።

(እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወጥ ቤት የፈጠረው ቡድን

«ትሪ ነትስ» የሚባል የዕፅዋት ቤተሰብ የለም። ከዛፍ የሚለቀም፣ ቅርፊቱ የጠነከረ፣ ቅባት የበዛበት ፍሬ ሁሉ በአንድ ስም ተጠራ፤ በቃ። ለገበያና ለምግብ አሠራር ምቹ ስለሆነ ሕግም ተቀበለው።

ዘር ሲቆጠር ግን ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። አልሞንድ ከኮክና ከጽጌረዳ ጋር ነው። ካሹና ፒስታሺዮ ከማንጎ ጋር አንድ ቤት ናቸው። በየከተማችን መንገድ ዳር የተተከለው የቁንዶ በርበሬ ዛፍም የዚያው ቤት ልጅ ነው። ማካዳሚያ የሚዛመደው ለቡና ጥላ ከሚተከለው ከግራቪሊያ ጋር ነው። ኮኮናት ዘንባባ ነው። ፓይን ነት ጭራሽ አበባ ከማያወጡት፣ እንደ ጥድ ካሉ ዛፎች የሚገኝ ዘር ነው። ብዙዎቻችን ለውዝ የምንለው ኦቾሎኒ ደግሞ ዛፍ ላይም አያፈራም። የአተርና የሽምብራ ዘመድ ስለሆነ የአሜሪካ ሕግም ለብቻው ይጠቅሰዋል።

በእንጨት ንግድ ውስጥ ያለው መደበላለቅ ይብሳል። «የአፍሪካ ዋልነት» ተብሎ የሚሸጠው እንጨት የማሆጋኒ ዘመድ ነው። በናይጄሪያና በካሜሩን ተቀቅሎ የሚበላው ሌላው «የአፍሪካ ዋልነት» ደግሞ የጉሎ ዘመድ የሆነ ሐረግ ነው። «የብራዚል ዋልነት» የሚባለው ጠንካራ የወለል እንጨት ከጃካራንዳ ጋር ይዛመዳል። የቤት ዕቃ ሱቅ ውስጥ «ዋልነት» ሲባልም ብዙውን ጊዜ የቀለሙ ስም ነው። ከእነዚህ አንዱም የእውነተኛው ዋልነት ዘመድ አይደለም።

ከክፍለ መደብ እስከ ዝርያ

የዕፅዋት ሳይንስ ከሰፊው ወደ ጠባቡ እየወረደ ይመድባል። እዚህ የሚያስፈልጉን አራት እርከኖች ናቸው፦ ክፍለ መደብ፣ አስተኔ፣ ወገን፣ ዝርያ። አስተኔ ማለት ቤተሰብ ነው። ወገን ደግሞ በአስተኔ ውስጥ ያሉ የቅርብ ዘመዳሞች ስብስብ ነው። ዝርያ የሚባለው ከሌላው ተለይቶ ራሱን የሚተካው የመጨረሻው ክፍል ነው።

ዛሬ ምደባው የሚቆመው በዝምድና ላይ ነው። በጋብቻ ጊዜ እስከ ሰባት ቤት ዘር እንደሚቆጠረው፣ እዚህም ጥያቄው «የጋራ አያታቸው ምን ያህል ሩቅ ነው?» የሚል ነው። ርቀቱ በሚሊዮን ዓመታት መቆጠሩ ብቻ ይለያል።

በዚህ መንገድ ዋልነት «ዩግላንስ» የሚባለው ወገን ነው። ወገኑ 22 ያህል ዝርያዎች አሉት። በገበያ የምናውቀው ባለ ስስ ቅርፊቱ ዋልነት ዩግላንስ ሬጂያ ይባላል፤ የፋርስ ዋልነትም፣ የእንግሊዝ ዋልነትም ይሉታል። አስተኔው ዩግላንዳሴ ነው። ወደ 60 የሚጠጉ ዝርያዎችን ይይዛል። ፒካንና ሂከሪ በዚሁ አስተኔ ውስጥ «ካርያ» የሚባል ሌላ ወገን ናቸው። ከዚህ በላይ ፋጋሌስ የሚባለው ክፍለ መደብ አለ። ኦክ፣ ቼስትነት፣ በርችና ሄዝልነት ከዋልነት ጋር የሚገናኙት እዚያ ነው።

የዋልነት አስተኔ በተፈጥሮ የሚበቅለው በእስያ፣ በአውሮፓ ዳርቻዎችና በአሜሪካ አህጉራት ነው። በአፍሪካ አገር በቀል አባል የለውም። በክፍለ መደቡ ደረጃ ግን ኢትዮጵያ ውስጥም ዘመድ አለው። በደጋው ጫካ የሚገኘው ሽነት፣ በሳይንስ ስሙ ሞሬላ ሳሊሲፎሊያ፣ ከዋልነት አስተኔ ጎን የሚቀመጠው የሚሪካ አስተኔ አባል ነው። ከአውስትራሊያ አካባቢ መጥቶ የተተከለው ሸውሸዌም በዚሁ ክፍለ መደብ ውስጥ ነው። ሸውሸዌን ብዙ ሰው የጥድ ዓይነት ይመስለዋል፤ ቅጠሉ ያሳስታል። በዘር ግን ከጥድ ይልቅ ለዋልነት እጅግ ይቀርባል። ሽነትና ሸውሸዌ ሥራቸው ላይ ከሚኖሩ ረቂቅ ባክቴሪያዎች ጋር ተባብረው ከአየር ናይትሮጅን ይወስዳሉ። ዋልነት ይህ ችሎታ የለውም።

ቅርንጫፍ ሰንጥቆ ማየት

የዋልነትን ለጋ ቅርንጫፍ ቆርጦ በቢላ ቁመቱን መሰንጠቅ ብዙ ያስተምራል። መሃሉ ድፍን አይደለም። ስስ ቡናማ ግድግዳዎች እየከፈሉት፣ ከታች እስከ ላይ ትናንሽ ባዶ ክፍሎች ተደርድረው ይታያሉ። የፒካን ወይም የሂከሪ ቅርንጫፍ በተመሳሳይ መንገድ ቢሰነጠቅ መሃሉ ድፍን ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ፒካን ሲበስል አረንጓዴው ልባሱ በአራት መስመር ይከፈታል። ዋልነት እንዲህ ያለ የተለካ መስመር የለውም፤ ልባሱ እየጠቆረ፣ እየበሰበሰ፣ እየተቀደደ ይወልቃል። እሱን በባዶ እጅ የፈለፈለ ሰው ጣቶቹ ለቀናት ቡናማ ሆነው ይቆያሉ። የወንዴ አበባቸውም ይለያያል። ሁለቱም የወንዴ አበባቸውን ወደታች በተንጠለጠለ ረጅም ዘለላ ያወጣሉ፤ ብናኙን የሚወስደውም ነፋስ ነው። የካርያ ዘለላዎች ግን ሦስት ሦስት ሆነው ከአንድ ግንጥል ይወጣሉ። የዋልነት ዘለላ ለየብቻው ነው።

እነዚህ ምልክቶች ወደ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይመራሉ። ፕቴሮካርያ የሚባል ሌላ የአስተኔው ወገን አለ። በካውካሰስና በምሥራቅ እስያ ይበቅላል። ፍሬው ትንሽ ነው፤ ግራና ቀኝ ክንፍ አለው፤ ነፋስ ይዞት ይሄዳል። ማንም ለመብል አይለቅመውም። ፍሬውን ብቻ ያየ ሰው ዋልነትንና ፒካንን አንድ ላይ አስቀምጦ ይህን ወደ ዳር ይገፋዋል። ቅርንጫፉን የሰነጠቀ ግን እንደ ዋልነት በግድግዳ የተከፋፈለ መሃል ያገኛል። የዲኤንኤ ምርመራም ያንኑ አረጋግጧል። ዋልነት ለፒካን ከሚቀርበው ይልቅ ለዚህ ባለ ክንፍ ዛፍ ይቀርባል።

ይህ ማለት ትልቁና ቅባታሙ ፍሬ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት የተለያዩ መስመሮች ተፈጥሯል ማለት ነው። አንዴ በዩግላንስ፣ አንዴ በካርያ። ምክንያቱ እንስሳት ናቸው። ሽኮኮ መሰል እንስሳት ፍሬ ወስደው ይቀብራሉ። የረሱት ይበቅላል። ብዙ ምግብ የያዘ ትልቅ ዘር በጥላ ሥርም ቢሆን ሥር ለመስደድ አቅም አለው። ስለዚህ ሁለቱ መስመሮች ከነፋስ ወደ እንስሳ ሲዞሩ ፍሬያቸው እየተመሳሰለ መጣ። በምደባ ሥራ ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው። መመሳሰል ሁልጊዜ ዝምድናን አያሳይም።

የቀሩት አባላት አብዛኞቹ በክንፍ የሚበሩ ናቸው። የቻይናው ሲክሎካርያ ፍሬውን ዙሪያውን የከበበ ክብ ክንፍ አለው። ኤንገልሃርዲያ ሦስት ጣት ያለው ክንፍ ያወጣል። ፕላቲካርያ የጥድ ኮን የሚመስል ቀጥ ያለ ፍሬ ይሠራል። በመካከለኛው አሜሪካ ደግሞ ኦሬሙንያና አልፋሮአ አሉ። ሲክሎካርያ ዛሬ ከቻይና ውጪ በተፈጥሮ የለም፤ ቅሪተ አካሉ ግን በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓም ተገኝቷል። አስተኔው በድሮው ዘመን ከዛሬው ይልቅ ሰፊ ቦታ ይዞ ነበር።

በነገራችን ላይ «ዋልነት እውነተኛ ነት ነው ወይ?» የሚለው ክርክር አሁንም አላለቀም። በዕፅዋት ሳይንስ ነት የሚባለው እንደ ሄዝልነት ያለ፣ ደረቅና ራሱን የማይከፍት ፍሬ ነው። እንደ ኮክ ያለው ደግሞ ውጩ ሥጋማ፣ ውስጡ ድንጋይ የመሰለ ፍሬ ነው። ዋልነት ሲታይ ወደ ኮክ ያደላል፤ አንዳንድ መጻሕፍትም እዚያው ይመድቡታል። ግን የኮክ ሥጋ ከእንቁላል እጢው ግድግዳ ነው የሚመጣው። የዋልነት አረንጓዴ ልባስ በአብዛኛው አበባውን ከከበቡት ትናንሽ ቅጠሎች ያድጋል። ስለዚህ ብዙዎች «ኮክ መሰል ነት» በሚል መሃለኛ አጠራር ይስማማሉ። እኔም ይህኛው ለእውነታው የቀረበ ይመስለኛል።

ከአበባ ቆጠራ ወደ ዲኤንኤ

ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ በ1753 የዕፅዋት ስሞችን ሲደነግግ ዋልነትንና ሂከሪን ዩግላንስ በሚል አንድ ወገን ውስጥ አደረጋቸው። የእሱ ዘዴ የወንዴና የሴቴ አበባ ክፍሎችን መቁጠር ነበር። በዚህ ቆጠራ ዋልነት ከኦክና ከሄዝልነት ጋር ወደቀ። ይህ ዛሬም ትክክል ነው። ግን በዚያው ክፍል ውስጥ ውሃ ላይ የሚበቅሉ፣ ዝምድና የሌላቸው ተክሎችም ገቡ። ቆጠራው መልስ ቢሰጥም ስለ ዝምድና ዋስትና አልነበረውም።

ፒካን በ1787 ሲሰየም ዩግላንስ ሆኖ ነው። በ1818 ቶማስ ነታል የተባለው የዕፅዋት ተመራማሪ ሂከሪዎችን ለይቶ ካርያ የሚል ወገን አቆመ። ፒካን ወደዚያ የተዛወረው በ1869 ነው። በዕፅዋት ተመራማሪው በካርል ኮህ እጅ የተሰጠው ስም እስከ ዛሬ ይሠራል። አንድ የሚበላ ፍሬ ትክክለኛ ቤቱን እስኪያገኝ ከ80 ዓመት በላይ ፈጀ።

ከዚያ በኋላ ትልቁ ክርክር አስተኔው የት ይቀመጥ የሚለው ነበር። አንደኛው ጎራ የአበባውን ዘለላ አየ። በነፋስ የሚራቡ፣ የአበባ ቅጠል የሌላቸው፣ ዘለላቸው የሚንጠለጠል ዛፎች ሁሉ አንድ ጥንታዊ ቡድን ናቸው አለ። ሌላው ጎራ ቅጠሉን አየ። የዋልነት ቅጠል አንድ ዘንግ ላይ ግራና ቀኝ የተሰለፉ ብዙ ትናንሽ ቅጠሎች አሉት፤ ሲታሽ ይሸታል። በዚህ የካሹና የፒስታሺዮን አስተኔ ይመስላል። ስለዚህ ዘመዱ እዚያ ነው አለ።

ሁለቱም ጎራዎች የያዙት ማስረጃ እውነተኛ ነበር። የጎደለው የትኛው ምልክት ይበልጥ እንደሚታመን የሚፈርድ ነገር ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዲኤንኤ ያንን ፍርድ ሰጠ። ዋልነት ከኦክና ከበርች ጋር ሆነ። የቅጠሉ ከካሹ ጋር መመሳሰል የአጋጣሚ ሆኖ ተገኘ። «ሁሉም ባለ ዘለላ ዛፎች ዘመዳሞች ናቸው» የሚለውም ፈረሰ፤ ለምሳሌ አኻያ ዘለላ ቢኖረውም ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። በ1998 ኤፒጂ የተባለው ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን ይህን በጋራ ምደባ አወጣው። በ2009 ደግሞ በደቡብ ቻይናና በሰሜን ቬትናም የሚገኘውን ሮይፕቴሊያ የተባለ ዛፍ በዋልነት አስተኔ ውስጥ አስገባ። ያ ዛፍ ከዚያ በፊት ብቻውን አስተኔ ነበር።

እዚህ ላይ ሰው የሚያነሳው ቅሬታ አለ። «ስሞቹ ለምን ይለዋወጣሉ? ባለሙያዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም ማለት ነው?» ይላል። ቅሬታው ይገባል። ለገበሬ፣ ለጉምሩክ፣ ለሐኪም የስም ለውጥ ራስ ምታት ነው። ግን ስም ዝምድናን የሚገልጽ ከሆነ፣ ስለ ዝምድናው አዲስ ማስረጃ ሲመጣ ስሙ ባለበት ቢቆይ ስህተትን ማጽናት ይሆናል። በዚያ ላይ ለውጡ በአብዛኛው በዳርቻው ላይ ነው። ዋልነት ዩግላንስ መሆኑ ከ1753 ጀምሮ አልተነካም።

ወላጆቹ የጠፉበት ዛፍ

በዋልነት ወገን ውስጥ ያለው ጥያቄ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ተመራማሪዎች ወገኑን በሰፊው ሦስት ቦታ ይከፍሉታል። የአሜሪካዎቹ ጥቁር ዋልነቶች አንድ ናቸው። የምሥራቅ እስያዎቹ፣ የማንቹሪያና የጃፓን ዋልነቶች፣ ሌላ ናቸው። የፋርስ ዋልነት ለብቻው ነው። ችግሩ የፋርሱ ዋልነት በዘር ሐረጉ ላይ አንድ ቦታ አልረጋ ማለቱ ነው። አንዱ ጥናት ወደ አሜሪካዎቹ ያስጠጋዋል፣ ሌላው ወደ እስያዎቹ።

በተርነትም እንዲሁ አስቸጋሪ ነበር። የሚኖረው በሰሜን አሜሪካ ምሥራቅ ነው። ሞላላና ሻካራ ፍሬው፣ የሚያጣብቅ ጸጉር ያለው ልባሱ ግን የእስያዎቹን ይመስላል። የቀድሞ ተመራማሪዎች መሃል ሰፋሪነቱን አይተው ለብቻው ክፍል ሰጡት። ዲኤንኤ ሲመጣ ደግሞ ግራ መጋባቱ ጨመረ። የሕዋሱ አስኳል ዲኤንኤ ወደ እስያ ያመለክታል። የክሎሮፕላስቱ ዲኤንኤ ወደ አሜሪካ ጥቁር ዋልነቶች ያመለክታል። ክሎሮፕላስት ማለት ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚያዘጋጀው አረንጓዴው የሕዋስ ክፍል ነው። የራሱ ትንሽ ዲኤንኤ አለው፤ በአብዛኛው የሚወረሰውም ከእናት በኩል ብቻ ነው።

በ2019 የወጣ አንድ ጥናት ለሁለቱም እንቆቅልሾች አንድ ዓይነት መልስ አቀረበ። ጥናቱ ከ22ቱ የዋልነት ዝርያዎች የ19ኙን፣ በድምሩ የ80 ዛፎችን ሙሉ ጂኖም አነበበ። ጂኖም ማለት የአንድ ሕያው ነገር ዲኤንኤ በጠቅላላው ነው። ውጤቱ እንዲህ ነው። የፋርስ ዋልነት ከአሜሪካው መስመርና ከእስያው መስመር መዳቀል የተወለደ ነው። ጊዜው ከ3.45 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ እንደሆነ ተገምቷል። ሁለቱም የወላጅ መስመሮች በኋላ ከአውሮፓ ጠፍተዋል። በተርነት ደግሞ ከእስያ የመጣ ዋልነት ከአሜሪካ ጥቁር ዋልነት ጋር እየተደቀለ፣ የእስያው ዘር በብዛት የገባበት ዛፍ ነው። እናት አሜሪካዊት፣ በነፋስ ብናኙን የላከው አባት እስያዊ ከሆነ፣ ክሎሮፕላስቱና አስኳሉ ለምን እንደተጣረሱ ይገባል።

ይህ ለምደባ ቀላል ነገር አይደለም። የዘር ሐረግ ሲሳል የሚታሰበው አንድ መስመር ለሁለት እየተከፈለ እንደሚሄድ ነው። መስመሮች ተመልሰው ከተገናኙ ግን ሥዕሉ መረብ ይሆናል። መረብን ደግሞ በተለያዩ ሳጥኖች መክፈል ያስቸግራል። አንዳንዶች «ቢዳቀልም ዛሬ ራሱን ችሎ የቆመ ዝርያ ነው፤ የራሱ ክፍል ይኑረው» ይላሉ። ሌሎች ክፍሎቹን ማጠፍ ይመርጣሉ። የቻይናው ባለ ወፍራም ቅርፊት ዋልነት፣ ዩግላንስ ሲጂላታ፣ ላይም ተመሳሳይ ክርክር አለ፦ ዝርያ ነው ወይስ የፋርስ ዋልነት የአካባቢ ዓይነት? የ2019ኙ ጥናት ሁለተኛውን ወስዷል። ለእኔ የመጀመሪያዎቹ ክርክር ያመዝናል። ያለፈው መዳቀል ቢመዘገብ እንጂ ዛሬ የሚታየውን ልዩነት አይሰርዝም።

ጉዳዩ ደግሞ ከወረቀት አልፏል። በ1967 ዊስኮንሲን ውስጥ በተርነትን የሚገድል የፈንገስ በሽታ ተመዘገበ። ዛፉ ከዚያ ወዲህ በብዙ ቦታ አለቀ። ካናዳ ለመጥፋት ከተቃረቡ ዝርያዎች መድባዋለች። በሰው እጅ ከተተከለው የጃፓን ዋልነት ጋር የተዳቀሉት ግን በሽታውን የተሻለ ይቋቋማሉ። ታዲያ ድቅሉ ይጠበቅ ወይስ ንጹሑ ብቻ? በኦንታሪዮ ሲሠራበት በኖረው ደንብ ድቅሉ ዛፍ ጥበቃው አይመለከተውም። ስለዚህ አንድ ዛፍ ከመቆረጡ በፊት ዘሩ ይመረመራል። ንጹሑን ብቻ እንጠብቅ የሚሉት የአገር በቀሉ ባሕርይ በባዕድ ዘር እንዳይዋጥ ይሰጋሉ። ሌሎቹ ደግሞ በተርነት ራሱ የጥንት ድቅል መሆኑን ያነሳሉ። ያለ አዲስ ዘር ጭራሽ ሊጠፋ ይችላልም ይላሉ።

ዝምድናን ማወቅ የሚጠቅምበት

በምዕራብ አሜሪካ አንዲት 2 ሚሊሜትር የማትሞላ ጢንዚዛ አለች። ቅርንጫፍ ስትበሳ ፈንገስ ይዛ ትገባለች። በአሪዞና ዋልነት ላይ ስትኖር ብዙም አትጎዳውም፤ አብረው የኖሩ ናቸው። ጥቁር ዋልነት ላይ ስትደርስ ግን ዛፉ በብዙ ትናንሽ ቁስሎች ይሞታል። በ2010 በቴኔሲ፣ በ2013 በጣሊያን ተገኘች። የትኛው ዛፍ ይፈራለት? ምደባው ይመልሳል። የዩግላንስ ዝርያዎች ተጋላጭ ናቸው። ፕቴሮካርያም ይያዛል። ሂከሪና ፒካን ግን አይያዙም። በሽታው ያን በግድግዳ የተከፋፈለውን ቅርንጫፍ የሚከተል ይመስላል።

በክተባ ሥራም፣ ማለትም የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ በሌላው ሥር ላይ በማጋጠም፣ ዝምድና ወሳኝ ነው። አቮካዶ ላይ እንደሚደረገው፣ የካሊፎርኒያ አምራቾች የፋርስ ዋልነትን የሚከትቡት በሌላ ዋልነት ሥር ላይ ነው። በብዛት የሚጠቀሙት የሰሜን ካሊፎርኒያ ጥቁር ዋልነትና የፋርስ ዋልነት ድቅል ነው። ሥሩ ጠንካራ ነው። ግን በብናኝ የሚተላለፍ አንድ ቫይረስ አለ። የፋርስ ዋልነት ቫይረሱን ችሎ ይኖራል። ከታች ያለው የጥቁር ዋልነት ዘር ያለበት ሥር ግን አይችለውም፤ ቫይረሱ የደረሰበትን ሕዋስ ራሱ ይገድላል። ልጡ ሲነሳ ክተባው የተጋጠመበት ቦታ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይታያል። መስመሩ ግንዱን ሲዞር ዛፉ ይሞታል። ዝምድናው ለመጋጠም በቅቷል። አንድ ዓይነት የመከላከያ ባሕርይ ለመስጠት ግን አልበቃም።

ወደ ማሸጊያው ስንመለስ

አለርጂ የሚነሳው በፍሬው ውስጥ በተከማቸ ፕሮቲን ምክንያት ነው። የቅርብ ዘመዶች ፕሮቲናቸው ይመሳሰላል። ስለዚህ ለፒካን አለርጂ ያለበት ሰው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ለዋልነትም አለበት። ለዋልነት አለርጂ ካለባቸውም ብዙዎቹ ፒካን ያስቸግራቸዋል። ካሹና ፒስታሺዮም እንዲሁ ጥንድ ናቸው። ሄዝልነት የበርች አስተኔ ስለሆነ፣ የበርች ብናኝ የሚያስቸግራቸው አውሮፓ የሚኖሩ ሰዎች ሄዝልነት ሲበሉ አፋቸውን ሊያሳክካቸው ይችላል።

ግን ዝምድና ብቻውን አይፈርድም። አንዳንድ የማከማቻ ፕሮቲኖች በሩቅ ዘመዶችም ይመሳሰላሉ። የአንዱ ሰው ሰውነት የሚቆጣበትን የሌላው ላያስተውለው ይችላል። ሐኪሞች በስም ሳይሆን በምርመራ የሚወስኑት ለዚህ ነው።

ኤፍዲኤ ያደረገው እያንዳንዱን ምግብ በስሙ ይዞ ማስረጃ መፈለግ ነው። አለርጂ እንደሚያስነሳ በቂ ማስረጃ የሌለው ወጣ። የዚህ አካሄድ ደጋፊዎች ነጥብ አላቸው። ዝርዝሩ ሲንዛዛ ሰው ያለምክንያት ከብዙ ምግብ ይርቃል፤ ማስጠንቀቂያም ይሰለቻል። የኮኮናት መውጣት በሕክምናም በዕፅዋት ዝምድናም የሚያስኬድ ነው።

የሂከሪና የበተርነት መውጣት ግን አላሳመነኝም። ሁለቱም በገበያ ብዙ አይሸጡም። በብዛት የማይበላ ነገር ብዙ ማስረጃ አይኖረውም። የማስረጃ መጥፋት የጉዳት አለመኖር ተደርጎ ከተወሰደ፣ የቅርብ ዘመዶቻቸው የሚያሳዩት ነገር ወደ ጎን ተገፋ ማለት ነው። ፒካንን ይዞ ሂከሪን፣ ጥቁር ዋልነትን ይዞ በተርነትን መተው፣ ወገኑን ለሁለት መሰንጠቅ ነው። «የዩግላንስና የካርያ ፍሬዎች» ተብሎ ቢጻፍ አጭርም፣ የተሻለም በሆነ ነበር።

አውሮፓ ሌላ መንገድ መርጣለች። የኅብረቱ ደንብ ስምንት ነትስ ይጠቅሳል፤ የእያንዳንዱንም የላቲን ስም ይጽፋል። ይህ ግልጽነት አለው። ግን ዋልነት ላይ የተጻፈው ዩግላንስ ሬጂያ ብቻ ነው። ቃል በቃል ከተወሰደ የአሜሪካው ጥቁር ዋልነት አልተጠቀሰም።

አሜሪካ ውስጥ ከዝርዝሩ የወጡት ፍሬዎችም ቢሆኑ በምግቡ ይዘት መስመር ላይ በስማቸው መጻፋቸው አይቀርም። የቀረው ተለይቶ የሚወጣው የአለርጂ ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ ከማስጠንቀቂያው በላይ ያለውን ረጅሙን የይዘት መስመር ማንበብ ከበፊቱ ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል። ባርቤኪው ሶስ ላይ «ሂከሪ» ሲባል በአብዛኛው የእንጨቱ ጭስ ነው፤ ፍሬው አይደለም። «ሂከሪ ነት» ወይም «በተርነት» ተብሎ ከተጻፈ ግን፣ ለዋልነት ወይም ለፒካን አለርጂ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ባይቀምሰው ይሻላል።